ጽጌረዳን በጓሮ ስለ መትከልና ስለ መንከባከብ

ፒዮኒ የተባለው የባሕር ማዶ አበባ በየዓመቱ ለብዙ ሳምንት ጽኑ ብርድ ካላገኘ እንቡጥ አይሰጥምና፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነው በሐይቅ ዳርቻ ገንዘብ አውጥቶ ማስመጣቱ ከንቱ ድካም ነው። በርሱ ፈንታ ጽጌረዳን መትከል ይሻላል፤ የጽጌረዳ ዘመድ የሆነው ቀጋ በደጋው ያለ ዘሪ ይበቅላልና።

የሚተከለው ቁራጭ የእርሳስ ውፍረትና የአንድ ስንዝር ርዝመት ያለው፥ አበባው ከረገፈ ቅርንጫፍ የተወሰደ ይሁን። ከአንጓ ሥር ተቆርጦ፥ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶለት፥ ከሦስት ሁለት እጁ በአፈር ይቀበር። ጊዜው የሰኔ መጨረሻ ነው። በወሎ የበልግ ዝናም ቢዘንብም፥ ተከትሎት የሚመጣው የግንቦት ፀሐይ ሥር ያልሰደደውን ያደርቀዋል። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ሥሩ ስለሚበሰብስ መደቡን ከፍ ማድረግና የበሰለ ፍግ መቀላቀል ይገባል፤ ትኩሱ ፍግ ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚከብደው የበጋው ውሃ ነው። ከምንጭ የምትቀዳውን እመቤት ስለ አበባ ብላ ሁለተኛ ጊዜ እንድትመላለስ ማድረግ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ችግኙ የእጅና የእህል እጣቢ በሚደፋበት አጠገብ ይተከል፤ ሳሙና የበዛበት ውሃ ግን አይስማማውም። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠልቆ እስኪርስ ማጠጣት ይሻላል፤ ግርጌውም በጤፍ ገለባ ይሸፈን።

በአምባሰል ከፍታ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ ስለሚመታ፥ መግረዙ ከጥር በኋላ ይሁን። ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ቅጠል ቢታይ ተለቅሞ ይቃጠል እንጂ ከግንዱ ሥር አይተው።