ብስክሌተኛ ሲገጭ ካሳው ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይጠየቃል?

ለብስክሌቱ መድን የገዛ ሰው በአዳማም ሆነ በባቱ እምብዛም አይገኝም፤ ሕጉም አያስገድድም። ስለዚህ ብዙ ብስክሌተኛ በመኪና ሲገጭ «እኔ ምን መድን አለኝ» ብሎ የሹፌሩን ኪስ ብቻ ያያል። ጥቂት መቶ ብር ተቀብሎ የተጣመመ ጎማውን እየገፋ ቤቱ ይገባል። በማግስቱ ጉልበቱ ሲያብጥ ወይም ራሱን ሲያዞረው፣ የገጨውን መኪና ታርጋ እንኳ አያውቅም።

ብስክሌተኛው ግን መድን አለው። መድኑ ያለው በገጨው መኪና ላይ ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሶስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ ይህን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ባጃጁም፣ ሞተር ሳይክሉም፣ ሚኒባሱም፣ ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ መኪናም በዚህ ውስጥ ናቸው። «ሶስተኛ ወገን» የተባሉት መንገድ ላይ ያገኛቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እግረኛው፣ ብስክሌተኛው። የመድኑ ዓረቦን የተከፈለው ለእርስዎ ነው ማለት ነው።

ይህን ማወቅ በእኛ አካባቢ ይበልጥ ይጠቅማል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ብስክሌት አይፈቀድም። ብስክሌተኛው የሚነዳው በአሮጌው መንገድና በከተማው ውስጥ ነው። ከአዳማ በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይጎርፋል፤ በመቂና በባቱ ደግሞ ባጃጅና ጋሪ ከብስክሌቱ ጋር አንድ ጠርዝ ይጋፋሉ።

አደጋው ቦታ ላይ

ከሁሉ በፊት ሕይወት ነው። ራስዎን ከመንገዱ ያውጡ፤ ከባድ ጉዳት ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን የተመታ ሰው በባጃጅ ተጣጥፎ መወሰድ የለበትም።

ቀጥሎ ታርጋ። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ኮዱንና «ኦሮ»፣ «አአ» ወይም «ኢት» የሚሉትን ፊደላት ጨምረው ይያዙ። ተሳቢ ያለው መኪና ከሆነ የፊተኛውና የተሳቢው ታርጋ የተለያየ ነውና ሁለቱንም ይጻፉ። የጅቡቲ ታርጋ ያለው መኪና ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ፤ ድንበር የሚሻገሩ መኪኖች የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል መድን ይዘው ስለሚጓዙ የካርዱን ቁጥርና ካርዱን የሰጠውን ኩባንያ ይመዝግቡ።

ከዚያ የመኪናውን የፊት መስታወት ይዩ። የሶስተኛ ወገን ተለጣፊው እዚያ ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የኩባንያው ስምና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን እንዲነበብ አድርገው። ብስክሌቱ የወደቀበትን ቦታ፣ የጎማ ምልክቱን፣ መኪናው የቆመበትን ሁኔታም ያንሱ። እርስዎ ካልቻሉ አጠገብ ያለ ሰው ያንሳልዎ። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ወይም ጫማ የሚጠርገው ልጅ አይቶ ከሆነ ስልካቸውን ይቀበሉ። ምስክር ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠፋል፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም ይናገራል።

መኪናውም ብስክሌቱም ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ ከቦታቸው ባይነሱ ይሻላል። ፖሊሱ ፕላን የሚያነሳው ከዚያ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በኋላ የሚታየውም በዋናነት ከዚያ ፕላን ነው።

ሐኪም ቤት

አዋጁ የሚያስገድደው አንድ ነገር አለ፦ ማንኛውም የጤና ተቋም በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና መስጠት አለበት። አዋጁ ሲወጣ መጠኑ እስከ 2,000 ብር ነበር፤ ተቋሙ ወጪውን የሚጠይቀው ከመድን ሰጪው ኩባንያ ወይም ከመድን ፈንዱ ነው። ስለዚህ በአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅም ሆነ በሌላ ተቋም «የመኪና አደጋ ነው» ብለው በግልጽ ያስመዝግቡ። «ወድቄ ነው» ብለው ካስመዘገቡ፣ ሹፌሩን ለማዳን ብለው እንኳ ቢሆን፣ ያ ካርድ በኋላ በእርስዎ ላይ ይመሰክራል።

ደህና ነኝ ብለውም ቢሆን በዚያው ዕለት ይታዩ። የራጅ፣ የመድኃኒት፣ የመጓጓዣ ደረሰኝ አንድም አይጣል። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ጽፎ ይሰጣል፤ የአካል ጉዳት ካሳ የሚሰላው በዚህ ነውና ሕክምናው ሳያልቅ አይቸኩሉ።

ገንዘቡ ስንት ነው?

አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ የሽፋን ጣሪያው ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር። የሰው ሕይወት ከመኪና መከላከያ ያነሰ ጣሪያ የተሰጠው ሕግ ነበር ማለት ነው፤ ይህ አሁንም ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለ መጠን በጊዜ ስለሚሻሻል፣ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራበት የነበረውን መጠን ከኩባንያው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚያጣው መብት ግን ከዚህ ጣሪያ በላይ ያለው ነው። ኩባንያው ጣሪያውን ከፍሎ ሲያበቃ የባለመኪናው ዕዳ አያበቃም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ሹፌሩ ራሱ ባይሆንም ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2091 ደግሞ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። እግሩ የተሰበረ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ስድስት ወር ሥራ ከፈታ የቀረበት ደመወዝም ጉዳት ነው። ለዚህ ነው ክስ ሲመሠረት ባለቤቱም ኩባንያውም አንድ ላይ ተከሳሽ የሚሆኑት። የባለቤቱ ስም ሊብሬው ላይ አለ፤ ሹፌሩ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላልና የሹፌሩን ስም ብቻ ይዘው አይሂዱ።

ብስክሌተኛው ራሱም ካጠፋ፣ ለምሳሌ ማታ ያለ መብራት ወይም በተቃራኒ አቅጣጫ ሲነዳ ከነበረ፣ ካሳው ይቀነሳል። ይቀነሳል እንጂ እንዲሁ አይቀርም፤ ባለመኪናው ሙሉ በሙሉ ነጻ የሚወጣው ጥፋቱ የብስክሌተኛው ብቻ ሲሆን ነው። «አንተም አጥፍተሃል» ስለተባሉ ጥያቄዎን አይተዉ።

ለኩባንያው ማመልከት

የሚይዙት ይህን ነው፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ደረሰኞች፣ መታወቂያ፣ የብስክሌቱ የግዢ ደረሰኝ። ደረሰኝ ከሌለ የብስክሌት ጠጋኝ የጥገናውን ዋጋ በጽሑፍ ያውጣ፤ ከመጠገኑ በፊት ግን ብስክሌቱ ፎቶ ይነሳ። በኦሮሚያ የፖሊስ ሪፖርቱ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ትርጉም ከጠየቀ ሕጋዊ ተርጓሚ ጋ ይወሰድ። ሟች ካለ ቤተሰቡ የወራሽነት ወይም የጥገኝነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያወጣል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ የተቀበሉበት ማኅተምና ቀን ተመትቶበት ለእርስዎ ይመለስ።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና

ለዚህም በር አለ። አዋጁ የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ያልታወቀ ወይም መድን ያልገባ መኪና ለሚያደርሰው የአካል ጉዳትና ሞት ካሳ የሚጠየቀው ከፈንዱ ነው። ዋናው ማስረጃ መኪናው እንዳልታወቀ ወይም መድን እንደሌለው የሚገልጽ የፖሊስ ሪፖርት ስለሆነ፣ «ማን እንደገጨኝ ስለማላውቅ ምን ብዬ ልክሰስ» ብሎ ፖሊስ ጣቢያ አለመሄድ ፈንዱን መተው ነው።

ጋሪ ከገጨዎ ግን ፈንዱም ሶስተኛ ወገንም የለም። የሚጠየቀው የፈረሱ ባለቤት ነው፤ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላልና። እርስዎም በብስክሌት እግረኛ ከገጩ ከራስዎ ኪስ ይከፍላሉ።

ሽማግሌ ሲገባ

በእኛ አገር ሽማግሌ መግባቱ አይቀርም፤ ደግ ነገር ነው፤ ቂም ያበርዳል። ሆኖም ዕርቅና ካሳ አንድ አይደሉም። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ሕክምናው ሳያልቅ አይፈርሙ። ኩባንያው ያልገባበትን ስምምነት ኩባንያው አልቀበልም ሊል ይችላል። ለሕክምና የተሰጠ ገንዘብ ካለ «ለጊዜያዊ ሕክምና» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈር። በሽማግሌ እየተመላለሱ ጊዜው እንዳያልፍም ይጠንቀቁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

በሥራ ላይ ያለ ብስክሌተኛ

ዕቃ የሚያደርስ ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚላላክ ተቀጣሪ በሥራ ላይ ሳለ ከተገጨ፣ ከመኪናው መድን ሌላ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪውን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠይቃል። በራስ ብስክሌት ከቤት ወደ ሥራ ሲሄዱ የደረሰ አደጋ ግን በዚህ አይሸፈንም፤ አዋጁ የመንገድ ላይ አደጋን የሚቆጥረው አሠሪው ባዘጋጀው መጓጓዣ ሲሆን ነው። በየቀኑ በአሮጌው መንገድ የሚነዳ ሰው ከመድን ኩባንያ የግል አደጋ መድን መግዛት ይችላል። ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ብስክሌት ስነዳ የሚደርስብኝን ጉዳት ይሸፍናል? ሕክምናን ይከፍላል ወይስ ሞትንና ዘላቂ ጉዳትን ብቻ? መልሱ በውሉ ላይ ተጽፎ ካላዩት አይፈርሙ።