ድምፅሽ የሚሰናዳው ከዋዜማው ነው

የጥር ሠርግ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ቆመሽ ተራሽን ትጠብቂያለሽ። ከሙሽራው ዘመዶች አንዱ መለኪያ አረቄ ይዞ ብቅ ይላል፦ «እንኪ፣ ጉሮሮሽን ይክፈትልሽ!» አክስቲቱ ደግሞ ማር በማንኪያ ይዘው ይከተሉታል። ሁለቱም በፍቅር ነው። ማሩን ቅመሺ፣ አረቄውን አመስግነሽ መልሺ።

የምትውጪው ነገር እኮ የድምፅ አውታሮችሽን አይነካቸውም። አውታሮቹ ያሉት ማንቁርት ውስጥ፣ በአየር መንገዱ ላይ ነው። ስትውጪ ያ መንገድ ይዘጋና ምግቡም መጠጡም ከኋላ በኩል ያልፋል። ቢነካቸው ኖሮ ትን ይልሽ ነበር! ማሩ ጉሮሮሽን ያለሰልስ ይሆናል፣ ከዚያ አይዘልም። አረቄው ግን ያደነዝዛል፤ እያመመሽ ሳይታወቅሽ ትጮኺያለሽ፣ በማግስቱ ድምፅሽ ይሰልላል።

ለእኔ ይህ የምሥራች ነው። ድምፅሽ በመጨረሻዋ ደቂቃ መድኃኒት ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከዛሬ ጀምሮ በእጅሽ ነው። ርዝመታቸው 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላው እነዚህ አውታሮች የ440 ኸርዝ ድምፅ ስታወጪ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባሉ። ይህን ሁሉ የሚችሉት እርጥብ ከሆኑ ነው። እርጥበቱ የሚመጣው ከውስጥ፣ ከሰውነትሽ ውሃ ነው፤ መድረክ ላይ የምትጎነጪው ውሃ አፍሽን ያርሳል እንጂ ለእነሱ ቶሎ አይደርስላቸውም። ስለዚህ ከጠዋት ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጠጪ፤ በተለይ የበጋው አየር ደረቅ በሆነበት በአዲስ አበባ። በቀጥታ የሚያገኛቸው የውሃ እንፋሎት ነው፣ በትንፋሽ ስለሚገባ።

ምግቡንስ? ሆድሽን ሞልተሽ ወደ መድረክ አትውጪ፤ የጠገበ ሆድ ድያፍራምሽ ወደ ታች እንዳይወርድ ይገፋዋል፣ ረጅሙን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ ስትዪ ያጥርሻል። ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ቀለል ያለ ነገር ብዪ። ባዶ ሆድም ቢሆን አያስፈራም፤ የማሕሌት ሊቃውንት ምንም ሳይቀምሱ ሌሊቱን ቆመው ያዜማሉ። (የእነሱ ግን የዓመታት ልምምድ አለበት፤ በአንድ ቀን አትሞክሪው።) ወተት ምራቅሽን የወፈረ ያስመስለዋል፣ ጉሮሮሽን እየጠራረግሽ ከምትዘፍኚ ለሌላ ቀን አቆዪው። ቡና ከለመድሽ የጠዋቱን አልከለክልሽም።

ዋናው ጠላት ከዝግጅቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መድረኩ ያልቃል፣ ርቦሻል፣ ቅባቱና በርበሬው የበዛውን ትበያለሽ፣ ወዲያው ትተኚያለሽ። ስትጋደሚ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ይመጣና ማንቁርትሽን ያቃጥላል፤ ቃር ሳይሰማሽም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጎርናና ሆነሽ ስትነሺ ብርዱን ትወቅሻለሽ። ብርዱ ምን አደረገ! በርበሬን እርም በዪ አላልኩም፣ ማን ይሰማኛል? ግን በበላሽና በተኛሽ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ይኑር። ካልሆነ ሾርባ ጠጥተሽ ተኚ፣ ድርሻሽንም በሳህን ያቆዩልሽ። ዶሮ ወጥ እንደሆነ አድሮ ይብሱን ይጣፍጣል።