ሞተር ብስክሌት ከመግዛት በፊት ተመሳሳይ ሞዴሎችን ስለ ማወዳደር

ይህ ጽሑፍ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። የማኅበር ገንዘብ የአባላት ላብ ስለሆነ በዋጋና በመልክ ብቻ መምረጥ ማኅበሩን ለኪሳራ፣ ነጂውንም ለአደጋ ይዳርጋል።

ሀ. ከፍታና ጉልበት

አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል። ባለ ካርቡሬተር ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ሩብ ያህሉ ይጎድላል ማለት ነው። ያማሃ ኤጂ 100 ሞተሩ 97 ሲሲ፣ ኤጂ 200 ደግሞ 196 ሲሲ ነው። ነጂውን ብቻ ለሚያጓጉዝ ትንሹ ሊበቃ ይችላል፤ ዘርና መድኃኒት ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ግን ትልቁ ይመረጣል።

ለ. ባለ 2 ምትና ባለ 4 ምት

ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባለ 2 ምት ናቸው፤ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር አብሮ ይቃጠላል። አሠራራቸው ቀላል ቢሆንም ለዚሁ የተዘጋጀው ዘይት ካለቀ ፒስተኑ ይጣበቃል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ሲወረድ ጋዝ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ስለሚኬድ ሞተሩ የሚያገኘው ዘይት ያንሳል፤ በማርሽ ብዙ ስለማይዝም ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ጋዝ መስጠት፣ እየቆሙም ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ባለ 4 ምቱ ኤጂ 200 በቁልቁለት የተሻለ ይይዛል፤ ነገር ግን የሞተሩ ዘይት በጊዜው መለወጥ፣ ቫልቩም መስተካከል ይኖርበታል።

ሐ. ጭቃና ጭነት

በክረምት የዋልካ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ክፍተቱ ሰፊ መሆኑ ይታይ። የኤጂ ሞዴሎች ሰንሰለት በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ከጭቃ ይጠበቃል፤ የዕቃ መጫኛም አላቸው። ዲቲ 125 ለመጥፎ መንገድ የተመቸ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን የተጋለጠ በመሆኑ ዘወትር ማጽዳትና ዘይት መቀባት ይጠይቃል።

መ. ውል ከመፈረም በፊት

1. ካንዴላ፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ ጎንደር ከተማ መገኘታቸውንና ዋጋቸውን መጠየቅ።
2. ሙሉ ጭነት ይዞ በዳገት ላይ መሞከር።
3. ከሠራተኞቹ አጭሩ ሰው ሲቀመጥ እግሩ መሬት መድረሱን ማየት።
4. የሰሌዳና ከውጭ የማስገባት ደንቡን ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ።
5. በግዢው ዋጋ ላይ የ3 ዓመት ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማና መለዋወጫ፣ እንዲሁም የነጂውን የራስ መከላከያ ቆብ መደመር። በግዢ የረከሰው በድምሩ ሊወደድ ይችላል።

ከአንድ በላይ የሚገዛ ማኅበር ሁሉንም ከአንድ ሞዴል ቢያደርግ ይመከራል፤ የመለዋወጫው ክምችትም ሆነ የመካኒኩ ሥራ ይቀልለታል።