ሐኪም፣ ነርስና መሐንዲስ የሚሠለጥኑት እንዴት ነው?

የመጨረሻውን ክፍል የምንፈጽም ተማሪዎች ከዘመድም ከጎረቤትም አንድ ጥያቄ አይቀርልንም፤ ይኸውም «ወደ ፊት ምን ለመሆን አስባችኋል?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን «ሐኪም» ወይም «መሐንዲስ» ብለን እንመልሳለን፤ «ነርስ» የሚል ግን ጥቂት ነው። ሙያው በስንት ዓመትና በምን ዓይነት ልምምድ እንደሚገኝ ሳያውቁ መምረጥ መንገድ ሳይጠይቁ እንደ መጓዝ ስለሆነ፣ ስለ ሦስቱ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቀድሞ ይህን ትምህርት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተማሩት በሕንድና በስኮትላንድ ሲሆን፣ ልዕልት ፀሐይም ነርስነትን የተማሩት በእንግሊዝ አገር ነው። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችንና የኮሚኒቲ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ በ1978 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ከፈተ።

የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያ የሰውነትን አሠራር፣ ቀጥሎም በሽታንና መድኃኒትን ይማራል። ከዚያም ከመምህሩ ጋር በሕመምተኞች አልጋ መካከል እየተዘዋወረ ይለማመዳል፤ በመጨረሻውም ዓመት «ኢንተርን» ተብሎ በሆስፒታል ያገለግላል። ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት ወይም በውስጥ ደዌ ልዩ ባለሙያ ለመሆን ቢፈልግ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጨምራል። ይህ ሠልጣኝ «ሬዚደንት» ይባላል፤ ትርጉሙ ነዋሪ ማለት ነው። ዊልያም ኦስለርና ባልደረቦቹ በ1889 በተከፈተው በአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይህን ሥርዓት ሲያስፋፉ፣ ሠልጣኞቹ በእርግጥም እዚያው ይኖሩ ነበር።

ነርስነት ሐኪም መሆን ያቃተው ሰው የሚገባበት ሙያ የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት ካቋቋመች ወዲህ የራሱ ዕውቀት ያለው ሙያ ሆኗል። ሐኪሙ ሕመምተኛውን አይቶ ሲሄድ፣ ሌሊቱን አጠገቡ የምታድረው ነርሷ ናት። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ቢፈስሳት፣ የልብ ትርታዋ መፍጠኑን ቀድማ የምታየው እርሷ ስለሆነች፣ ጥቂት ደቂቃ ብትዘገይ ነፍስ ሊጠፋ ይችላል። ነርስም እንደ ሐኪም በማደንዘዣ፣ በሕፃናት እንክብካቤና በመሳሰለው ትምህርቷን ልትቀጥል ትችላለች።

ድኅረ ምረቃ ለማዕረግ ብቻ እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአገራችን በ2009 በተጀመረው የማስተርስ ትምህርት ጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ይማራሉ። ስለዚህ ልዩ ሐኪም በሌለበት የወረዳ ሆስፒታል ምጥ የጠናባት እናት በቀዶ ሕክምና ልትገላገል ችላለች።

የምሕንድስና ተማሪም ከሒሳብና ከፊዚክስ ተነሥቶ ወደ ሥራ ቦታ ልምምድ ይደርሳል። ቤቶን ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ የሚስበውን ኃይል የሚችለው ብረቱ ነው። በሁለት ምሰሶ ላይ ያረፈ አግዳሚ የሚሳበው በታች በኩል ስለሆነ ዋናው ብረት ከታች ይደረጋል። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ግን የሚሳበው በላይ ስለሆነ ብረቱ ከላይ መሆን አለበት። ቦታው ቢለዋወጥ በረንዳው ከነሰዎቹ ሊወድቅ ይችላል። ይህን በደብተር መጻፍ ቀላል ነው፤ ቤቶኑ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱን አይቶ «ይነሣ» ለማለት ግን ልምድ ባለው መሐንዲስ ሥር መሥራት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ በድኅረ ምረቃ ጠልቆ ማጥናት ይቻላል።

እንግዲህ ሦስቱም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ የባለሙያው ስሕተት የሚያርፈው በራሱ ላይ ሳይሆን አምኖ በቀረበው ሰው ላይ ነው። የልምምዱ ዓመታት የረዘሙትም ስለዚህ ነው። ወላጆቻችን የልጃቸውን ደመወዝ ቶሎ ለማየት መናፈቃቸው የሚገባ ነው፤ ብዙዎቹ ከጉሮሯቸው ቀንሰው አስተምረውናልና። ሆኖም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው እንዳይሆን ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናቸዋለን። እኛም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ወደን እንምረጥ።