ሐራራ ከየት ይመጣል?

ጫት የለመደ ሰው ከዙህር በኋላ ካልቃመ የሚነጫነጨው ለምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ርቦን ስንበላ፣ ልጃችንን ስናቅፍ በአንጎላችን የሚመነጭ ዶፓሚን የተሰኘ ንጥረ ነገር አድርጎልናል። ያስደሰተንን ነገር ደግመን እንድንሻ የሚገፋፋን እርሱ ነው። በ1975 (እ.ኤ.አ) ከጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን ግን ዶፓሚንን ከነርቭ ሕዋሳት በግድ ያስለቅቃል፤ ምርቃና የምንለው ከዚህ ይመጣል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ስለሚዳከም ነው ቃሚዎች ትኩሱን የሚሹት።

እንዲህ ያለው ማነቃቂያ ሲደጋገም አንጎል ለተራው ደስታ ይደነዝዛል፤ ልጅ ማቀፉም ያን ያህል አያስደስትም። «ለዒባዳ ያነቃኛል» የሚሉ ወንድሞቻችን ሳይቅሙ መንቃት ያቃታቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቢያስቡት መልካም ነው።

ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርት፣ እንቅልፍና ዱካክ ይበረታበታል። ቤተሰብ ይህን ስንፍና ነው ብሎ አይቆጣው፤ አንጎሉ ወደ ቀድሞ ሚዛኑ እየተመለሰ ነውና።