በሩጫ መሃል የወደቀ ተጫዋች፦ ምክር ለአሰልጣኞችና ለስፖርት መምህራን

ተጫዋች እየሮጠ ሲወድቅ ሜዳ ላይ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «ቁርስ አልበላም»፣ «ፀሐዩ ነው»፣ «ጾም ላይ ነው»። ውሃ ይረጩበታል፣ ክብሪት ለኩሰው ጭሱን ያሸቱታል። ሲነቃ ትንሽ አርፎ ለሁለተኛው አጋማሽ ይገባል። በፋሲሎም ሆነ በሌላው የባሕር ዳር ሰፈር ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ሁሉ ይህን ልማድ እንድትተዉ እለምናችኋለሁ። ከእነዚህ ልጆች መካከል የልቡ ደም ቅዳ ያለ ቦታው የበቀለ ሊኖር ይችላል።

የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኘው ኮሮናሪ ከሚባሉ ሁለት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከአኦርታ ሥር ነው፤ አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ። ከመቶ ሰው አንድ ግድም ግን መነሻቸው ወይም መንገዳቸው ይለያል። አብዛኛው ልዩነት ጉዳት የለውም፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ዕድሜውን ይኖራል። የሚያሰጋው በተለይ የግራው ቧንቧ ከቀኝ በኩል ተነሥቶ፣ በአኦርታና ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ ደም ቅዳ መካከል ሲያልፍ ነው። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ምንም አይሰማውም። ሲሮጥ፣ ልቡ ብዙ ደም በሚፈልግበት ሰዓት፣ ያ ጠባብና ሰያፍ መነሻ ሊጨመቅ ይችላል፤ ደም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል፣ ልጁም ይወድቃል።

ጉብዝና ከዚህ አያድንም። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፒት ማራቪች የግራ ኮሮናሪ ሳይኖረው ተወልዶ በኤንቢኤ 10 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በ1988 እ.ኤ.አ. በ40 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሞተ፤ ምክንያቱ የታወቀው አስከሬኑ ሲመረመር ነው።

ተጫዋች ሲወድቅባችሁ መቼ እንደወደቀ አጣሩ። ሩጫውን ጨርሶ ቆሞ ሳለ የወደቀ ብዙ ጊዜ ደሙ እግሩ ላይ ቀርቶ ነው። እየሮጠ ሳለ የወደቀ ግን ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የልብ ታማሚ ሊሆን እንደሚችል ቁጠሩት። ሲሮጥ ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚጨመድደውም እንዲሁ ነው። እነዚህ ልጆች ሐኪም እስኪፈቅድላቸው ድረስ ማሟሟቅም ቢሆን አይሥሩ።

ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና ነው ቢባል አትርኩ። ይህ የደም ቅዳ ችግር ያለበት ልጅ አርፎ ሲነሣ ኢሲጂው ደህና ሊሆን ይችላል። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትልኩት በወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «በሩጫ መሃል ራሱን ስቶ ወድቋል፤ የኮሮናሪ ደም ቅዳዎቹ መነሻ ይታይልን።» ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚሠራው ባለሙያ መነሻቸውን ሆን ብሎ ከፈለገ በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። በኢኮ ካልታየ የልብ ሲቲ አጥርቶ ያሳያል።

የወደቀው ልጅ ጠርታችሁት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ ክብሪቱን ተዉት። አንድ ሰው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው መዳፎቹን ደራርቦ በደረቱ መሃል ላይ ወዲያው መጫን ይጀምር። ጥልቀቱ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። የሚጫነው ሲደክም ሌላ ይተካው እንጂ አይቋረጥ። ይህን ቡድኑ በሙሉ በልምምድ ሰዓት ይማር።

ልጆች የደረት ውጋቱን የሚደብቁት ከቋሚ ተሰላፊነት እንዳይወጡ ፈርተው ነው። ስለዚህ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ሕመሙን የተናገረ ተጫዋች ቦታው እንደሚጠበቅለት በቡድኑ ፊት ተናገሩ። ቃላችሁንም ጠብቁ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ቦታውን ካጣ ሁለተኛው አይናገርም።