ማርሚታ ማስከፈት ያዋጣል? የሐረጎ ዳገትና የመኪና ባለቤት ሂሳብ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ ሾፌር በአብዛኛው አንድ ቅሬታ አለው፤ መኪናው ይደክምበታል። ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ የናፍጣ መኪና ከሆነም ከኋላው ጥቁር ጭስ ይተዋል። ለዚህ ቅሬታ ፈጥኖ የሚታዘዘው መድኃኒት ማርሚታውን ማስከፈት ነው፤ ጠባቡን ቧንቧ በሰፊ መቀየር፣ ድምፅ ማፈኛውን ማንሳት፣ አለፍ ሲልም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ቆርጦ በባዶ ቧንቧ መበየድ። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ግን ወጪና ጥቅሙን ማስላት ይገባል።

ጉልበቱ የጠፋው በየት በኩል ነው?

ሞተር ነዳጅ ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በግምታዊ ስሌት ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በመሆኑም በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 81 ወይም 82፣ ደሴ ላይ ደግሞ 75 ገደማ ይሰጣል። ሩቡ ጉልበት የጠፋው አየር በሚገባበት በኩል እንጂ ጭስ በሚወጣበት በኩል አይደለም።

በሌላ በኩል ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማርሚታው ብቻ የተሻሻለለት ቱርቦ አልባ ሞተር የሚያገኘው ጭማሪ በአብዛኛው ከጥቂት በመቶ አይዘልም። 3 በመቶ ተገኘ ቢባል እንኳ ደሴ ላይ ሁለት የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ያው መኪና ምንም ሳይነካ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርድ ስድስት ያህል በነፃ ያገኛል። ከዚህም በላይ ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠው ጉልበት ሊወርድ ይችላል። ዳገት የሚጠይቀው ደግሞ በትክክል ይህንኑ ጉልበት ነው። የድምፁ መጨመር መኪናው የበረታ ያስመስላል፤ ድምፅ ግን ጭነት አይጎትትም።

ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ጉዳይ ለየት ይላል። ቱርቦ የሚሽከረከረው በጭሱ ግፊት በመሆኑ ከቱርቦው በኋላ ያለው ቧንቧ ሰፋ ቢል ጥቅሙ የሚታይ ነው። ይሁንና ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የናፍጣ ፖምፓው ሲከፈት ሞተሩ ከሚገባው አየር በላይ ነዳጅ ይቀበላል። ትርፉ ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ ማለትም ጥቁር ጭስና የባከነ ብር ነው።

ተቆርጦ የሚጣለው ዕቃ

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲያዩት የብረት ቆርቆሮ ይመስላል። በውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ አካል አለ፤ በላዩም ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት ተቀብተዋል። በቤንዚን መኪና ላይ በደንብ ሲሞቅና ጤነኛ ሲሆን ከመርዛማ ጋዞቹ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ወደማይጎዳ ይለውጣል። ቆርጦ የሚጥል ባለንብረት ገንዘብ ያለው ዕቃ እየጣለ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል። ኮምፒዩተር ባላቸው መኪኖች ላይም የሞተር መብራት በርቶ ይቀራል። ከኦክሲጅን ሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተበየደ ቧንቧ አየር ካስገባ ሴንሰሩ ስለሚሳሳት ሞተሩ ያለ አስፈላጊው ነዳጅ ይጨምራል።

ኮንቨርተሩ በእርግጥ የሚደፈንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ መኪናው ይታፈናል። ነገር ግን መደፈኑ በግምት ሳይሆን በግፊት መለኪያ መረጋገጥ አለበት። የመደፈኑ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ወይም በትክክል የማይተኩስ ካንዴላ ነው። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ቢገጠም ያም ይደፈናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከደረጃ በላይ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ ባለንብረቱ በቦሎ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ዛሬ የተቆረጠ ዕቃ ነገ ተፈልጎ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

የገበያው ሁኔታም ጥንቃቄን ይጠይቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ታክሱን ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለ መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ነው። ሳይነካካ የቆየ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ባለቤቱ የሚከራከርበት ዋጋ አለው።

ቁልቁለቱን ያልቆጠረ ሂሳብ

ዳገት የወጣ መኪና ተመልሶ ይወርዳል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ብዙ የጭነት መኪኖች በማርሚታ ቧንቧቸው ላይ የሚዘጋ ክዳን አላቸው፤ ሾፌሩ ሲዘጋው ጭሱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሞተሩን ይይዛል፣ የጎማው ፍሬንም ከመጋል ይድናል። በማስከፈት ሥራ ላይ ይህ ክዳን ከተነሳ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ቧንቧ ጭስ ካስወጣ መያዣው ይላላል። ሁለት ፈረስ አተርፋለሁ ያለ ባለንብረት ጭነቱንና የሰው ሕይወት በፍሬን ሸራ ላይ ብቻ ይጥላል። በደሴ ብርድ መስኮት ዘግቶ ለሚሄድም ሌላ አደጋ አለ፤ ከመኪናው ሥር የሚያፈተልክ ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል።

ገንዘቡ የት ቢውል ይሻላል?

በቅድሚያ የአየር ማጣሪያውን (ፊልትሮ) ማጽዳት ወይም መቀየር፤ ቀጥሎ ካንዴላና ኖዝል ማስፈተሽ፤ የናፍጣ ፖምፓው ለከፍታው በሚስማማ መጠን እንዲለካ ማድረግ፤ የሚያፈተልክ ቧንቧ ማስበየድ፤ ከልክ በላይ አለመጫን። ማርሚታው የተበላሸ ከሆነ በፋብሪካው ልክ መተካት ነው።

ለገዢና ለደላላም አጭር መመሪያ አለ። መኪናው ጠዋት ሳይሞቅ ይነሳ። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠልን ያስጠረጥራል። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው፤ ኮንቨርተሩ በነበረበት ቦታ አዲስ ብየዳ ከታየ ዋጋው ላይ እንደገና መነጋገር ይገባል።